እሳት ያልነካው ሰዓት

ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም ዕድሜውን የጨረሰው የድሮ ተዋጊ አብራሪዎች ያሰሩትን ሰዓት ሲያሳድድ ነው ማለት ይቻላል። ጥቁር ፊት፣ በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮች፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ የሚጠመዘዝ ትልቅ መሙያ ያለው ሰዓት ካየ ዓይኑ ይቀላውጣል። ሚስቱ፣ “ይሄን ሁሉ ሰዓት ታቅፈህ ለምሳ የምትዘገየው ግን አንተው ነህ” እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴው የገዛውን ሰዓት ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ሲያይ አንድ ጽሑፍ አገኘ። ከሠራዊቱ ቁጥር በታች፣ በመርፌ ተሞነጫጭሮ፣ “የቁንጫ ወንድም” ይላል።

ቁንጫ ሚስቱ ናት። ልጅ ሳለች አንድ ቦታ አልቀመጥ ብላ ታላቅ ወንድሟ ያወጣላት ስም ነው። ወንድምየው አብራሪ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ አውሮፕላኑ ከድንበር ማዶ ወድቆ ከነሰውየው ተቃጠለ፣ የተረፈ ነገር የለም ተብሎ መርዶ መጣ፤ ባዶ ሣጥን ቀበሩ። ሰዓቱ ላይ ግን የእሳት ምልክት የለም። መስታወቱ እንኳ አልተጫረም።

ሐኪሙ ሰዓቱን ካልሲ ውስጥ ደበቀው። ምግብ አልወርድ አለው። “ምን ሆነሃል?” ስትለው “ጨጓራዬ ነው” ይላል። በመጨረሻ አላስችል ሲለው አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

ገለበጠችውና ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አሻሸች።

“እኔ ነኝ የጻፍኩት። በእማዬ መርፌ። ሊቆጣኝ ነው ስል ሳቀ።” ሰዓቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። “እሳት አልነካውም።”

“አልነካውም።”

“ታዲያ ከእጁ ማን ፈታው? ይሄን ይዘህ ነው ጨጓራዬ የምትለኝ?”

“ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው።”

“የእኔን ልብ ለእኔ ተወው። ተነስ፣ የሸጠልህ ሰው ጋ ውሰደኝ።”

ነጋዴው መጀመሪያ አንገራገረ። ኋላ የሴትዮዋን ፊት አይቶ ወንበር ሳበላት።

“የሸጡልኝ የአንድ ሟች ልጆች ናቸው፣ እትዬ። አባታቸው ከድንበር ማዶ የምርኮኞች ዘበኛ ነበር። እግሩ የተሰበረ አብራሪ፣ ‘በሕይወት እንዳለሁ ለቤተሰቤ አስነግርልኝ’ ብሎ ሰዓቱን ሰጠው አሉ። ዘበኛው እሺ ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ፈራና ሳያስነግር ቀረ።”

“አብራሪውስ?”

“ክረምቱን አላለፈም፤ ታሞ ሞተ ነው የሚሉት።”

“እኛ እርማችንን ስናወጣ እሱ በሕይወት ነበር” አለች ሴትዮዋ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄዱ። አሮጊቷ ከመርዶው በኋላ ለብዙ ጊዜ “ልጄ አልሞተም” ይሉ ነበር። ልጆቻቸው፣ የሐኪሙ ሚስትም ጭምር፣ የእናታችን አእምሮ ተነካ ብለው ፈርተው፣ አንዴ በልመና አንዴ በቁጣ አፋቸውን አስይዘዋቸዋል።

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። “እማዬ፣ ልክ ነበርሽ” አለችና ሰዓቱን እጃቸው አጠገብ አኖረችው።

እናትየው አላለቀሱም። ሰዓቱንም አልነኩትም።

“ዝም በይ አላችሁኝ” አሉ፤ “ዝም አልኩ።” ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐኪሙ ከበሩ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ።