ድንጋይ የተሸከሙት ዳኛ

«ተጣልተው ሂካ ያላስታረቃቸው ሁለት ሰዎች ካሉ፣ አንደኛው ገና አልተወለደም!»

ይህን ያለው ሂካ ራሱ ነው፤ በታላቅ ወንድሙ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በአንድ እጁ ካርታ፣ በሌላው እፍኝ ንፍሮ ይዞ። ከራሳቸው በላይ አውሮፕላን አልፎ የቀረውን ንግግር ዋጠው። ካርታ ተጫዋቾቹ ቀና አላሉም። አንዱ ብቻ «እነዚያንስ?» ብሎ በአገጩ ወደ ድንኳኑ ጫፎች ጠቆመ።

እነዚያ የሟቹ የኦቦ ዱቤ ልጆች ናቸው። ምልኬሳ ከድንኳኑ ግራ ጫፍ፣ እህቱ ሜቲ ከቀኝ ጫፍ። ለቀስተኛው አንዱን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይልና፣ ድንኳኑን አቋርጦ ሌላዋን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ለማለት ይጓዛል። እንደ ሂካ አባባል ከዚያ እዚህ ሲኤምሲ ደርሶ መልስ ነው፤ መሃል ላይ ታክሲ ሳይያዝ አይደረስም።

እርግጥ ድንኳኑም ድንኳን ነበር። በቦሌ ቡልቡላ እንዲህ ያለ ተተክሎ አያውቅም። ንፍሮው በሲኖትራክ መጣ፤ ፓይለቶቹም ከላይ ሲያዩት አዲስ ተርሚናል የተሠራ መስሏቸው ነበር። ማን አለ? ሂካ አለ።

ሂካ የቤት ደላላ ነው። የኮንዶሚኒየም መሠረት ሳይቆፈር አራተኛ ፎቅ ሸጧል። የመኝታ ቤቱን መስኮት በጣቱ አየር ላይ ስሎ ሲያሳይ፣ ገዢው ፀሐይ በዛብኝ ብሎ ዓይኑን በእጁ ከልሏል። እንዲህ ያለ አፍ ስላለው ነው እንግዲህ፣ ወንድሙ በመጨረሻ እጁን ይዘው «ልጆቼን…» ሲሉትና ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ «ድንኳንህ ሳይፈርስ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ! ተኛ!» ያለው።

ድንኳኑ የሚፈርሰው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው።

ልጆቹ የተጣሉት በመሬት ካሳ ቢሆን ሂካ አንድ ሻይ ሳይጠጣ ይጨርሰው ነበር። የተጣሉት ግን በኢየሱስ ነው።

«ጌታ ፈራጅ ነው» ይላል ምልኬሳ፣ ቦሌ ሚካኤል ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገው። «በመስቀል ላይ አንድ ጊዜ ማለደ፤ ተፈጸመ። ዛሬም ቆሞ ይለምናል ማለት ከዙፋኑ ማውረድ ነው።»

«ዛሬም ያማልደኛል» ትላለች ሜቲ፣ ካገባች ወዲህ የባሏን የጴንጤ ጸሎት ቤት የተከተለችው። «እሱ ካልቆመልኝ እኔ በምን እቆማለሁ?»

አንድ ቀን በአባታቸው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ይህንኑ ሲባባሉ ቆዩና፣ ሁለቱም እኩል ወደ ትራሱ ዞሩ።

«አባዬ፣ አንተ ፍረድ!»

ኦቦ ዱቤ ስንቱን የዳኙ ሰው ናቸው። እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከተተከለ በኋላም ብሎኩ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ባልና ሚስቱን፣ አከራይና ተከራዩን ሲያስማሙ ይውሉ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

«እሱ ዘንድ ለመሄድ እኮ ብዙ አልቀረኝም» አሉ። «ደርሼ ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

ሄዱ። መልስ አልላኩም።

በቀብሩ ዕለት ፍትሐቱ ሲደረግ ሜቲ «ለሞተ ሰው አይጸለይም» ብላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ቀረች። ምልኬሳ ሲወጣ አያትና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የማትለምኚለትን አታልቅሺለት» አላት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ሂካ አልሞከረም አይባልም። ምልኬሳ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «ልጄ፣ አንዲት ወንበር ብቻ ወደ መሃል ጠጋ በል» ቢለው፣ «ጋሼ፣ ቤት ሊሸጡልኝ ነው?» አለው። ወደ ሜቲ ዞረ።

«ሜትዬ፣ አንቺ እንኳ ይቅር በይው።»

«ብዬዋለሁ እኮ። በልቤ።»

«በልብማ እኔም ሚኒስትር ነኝ!»

ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ምሳው ተነሥቶ የእድሩ ሰዎች ገመዱን ማየት ሲጀምሩ፣ ሂካ የቀረውን አንድ ሰው ጎትቶ ድንኳኑ መሃል አስቀመጠ። ኑሪን፣ ወሎዬውን የሚኒባስ ሾፌር፣ የኦቦ ዱቤን ጎረቤት።

«የድንጋዩን ነገር አንሣው። ድምፅህን ለግራም ለቀኝም አድርገው።»

ኑሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጎረቤታችንን የዑቕባይን ልጅ በሚኒባሴ የገጨሁ ጊዜ ነው። የልጁ እግር ተሰበረ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ዳኛው ኦቦ ዱቤ። አጥፍተሃል አሉኝ፤ ምንም አላለሳለሱልኝም። ልጁን ታሳክማለህ፤ ከዚያ ድንጋይ በማጅራትህ ተሸክመህ አባትየው እግር ላይ ትወድቃለህ፤ የሚያወርድልህ የተበደለው ሰው ነው አሉ።»

«የበሬ ራስ የሚያህል ድንጋይ!» አለ ሂካ።

«መካከለኛ ነበር። ብቻ እኔም በዚያው አደጋ ትከሻዬ ተሰብሮ በጄሶ ታስሬ ነበር፤ ማንሣት አቃተኝ። ዑቕባይ በሩ ላይ ቆሟል። ‹ድንጋዩን ሳላይ ይቅር አልልም› አለ። እውነቱን ነው፤ ልጁ ነው። ይሄኔ ኦቦ ዱቤ ከዳኛው ወንበር ተነሡ። ኮታቸውን አወለቁ። ድንጋዩን በራሳቸው ማጅራት ላይ አድርገው ዑቕባይ እግር ሥር ተንበረከኩ። የፈረዱብኝ ሰውዬ እኮ ናቸው! ዑቕባይ እያለቀሰ አወረደላቸው።» ኑሪ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «የእናንተን ሃይማኖት አላውቅም። ኦቦ ዱቤን ግን አውቃቸዋለሁ።»

አየር ማረፊያው ሳይቀር ለክብራቸው በረራ ያቆመ መሰለ። ሂካ ሁለቱን ጫፎች በተራ አየ።

«አያችሁ?» አለ ምልኬሳ። «መጀመሪያ ፈረደ! ፈራጁ እሱ ባይሆን፣ መሸከሙ ምን ይደንቅ ነበር?»

«ወርዶ ለመነ እንጂ!» ሜቲ ብድግ አለች። «ባይለምን ኑሪ ዛሬ የት ነበር?»

«አንድ ጊዜ ነው የተሸከመው! አንድ ጊዜ!»

«ጠባሳው እስኪሞት ማጅራቱ ላይ ነበር! እኔ ነኝ ሳጥበው የኖርኩት!»

ምልኬሳ ጠባሳ መኖሩን አያውቅም ነበር። ወንበሩን ገፍቶ ወጣ።

ሂካ ተከትሎት ሮጠ። ሜቲም ከኋላው መጣች፤ ለምን እንደመጣች ራሷም የምታውቅ አትመስልም። ሂካ ብሎኩ በር ላይ ደርሶ በሁለቱ መሃል ቆመና ሊናገር አፉን ከፈተ። ሰማይን በካሬ የሸጠው አፍ አንዲት ቃል አጣ። ዙሪያውን ድንጋይ ፈለገ፤ ያለው ሁሉ ኮብልስቶን ነው፣ መሬት ተጣብቋል። ባዶ ማጅራቱን አጎንብሶ ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ይነሡ። ሰው ያያል» አለ ምልኬሳ።

አልተነሣም። «ለወንድሜ ቃል ገብቼ…» አለ።

ከኋላቸው ድንኳኑ ተጠቅልሎ ወረደ። ካፊያ ጀመረ።

ሜቲ ነጠላዋን አውልቃ በአጎቷ ራስ ላይ ዘርግታ ያዘች፤ ለእሱ ብቻ፣ ጫፉን ወደ ራሷ ሰብሰብ አድርጋ። ምልኬሳ አጎቱን ሊያነሣ በብብቱ እጁን ሰድዶ ሲያጎነብስ፣ ራሱ ነጠላው ሥር ገባ። አየችው። ጫፉን የሰበሰበችበትን እጇን ፈታች።

ነጠላ ዝናብ አይችልም። ውኃው አልፎ ሦስቱንም አራሳቸው።