በታቦት ደጅ የምትጠፋው ማኪና

ናስር ጎንደር አራዳ ውስጥ በማኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜውን ፈጅቷል፤ እንዲህ ያለ ብልሽት ግን ገጥሞት አያውቅም። የአያ የሻውን አሮጌ ፒካፕ የተሰነጣጠቀ ዳሽቦርድ አውርዶ፣ ጠግኖ ከገጠመላቸው ወዲህ መብራቱና ጌጁ ድርግም ይልና ሞተሩ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልነካው ይነሣል። ናስር ይዟት ሲዞር ቢውል አንድ ጊዜ እንኳ አትጠፋም። አያ የሻው መሪውን ሲይዙ ግን ጉድ ይፈላል።

"ጠቡ ከእኔ ጋር ነው" አሉ አያ የሻው። "የምትጠፋው እኮ ታቦት ደጅ ስደርስ ብቻ ነው። ልጄ እስከዳር በሰላም ከወለደች ብዬ ለሚካኤል ጥላ ተስዬ ነበር። ወለደች፤ እኔ ዛሬ ነገ እያልሁ ልጁ ድክ ድክ አለ። በል እንግዲህ፣ ኮሶዬ ላይ ገዥ ይጠብቀኛል፤ ማኪናዋን ሸጬ ልረፍ።"

ናስር ደነገጠ። እኚህ ሰው ከመካነ ብርሃን ገብስ እየጫኑ የሚኖሩት በዚህችው ማኪና ነው። በሰው ስለት መግባት አልፈለገም፤ ሽቦ ግን ስለት አያውቅም። "አብሬዎት ልሂድ" አለና ከጎናቸው ተቀመጠ።

ጎንደር ባለ አርባ አራት ታቦት ከተማ ናትና ገና ከከተማው ሳይወጡ ማኪናዋ ጠፋች። ናስር ዓይኑን ጌጁ ላይ ተክሎ ስለነበር ምንም አልገባውም። ዳገቱ ላይ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደገመች። ጉድጓድ ነው እንዳይል መንገዱ ልሙጥ ነው፤ ሙቀት ነው እንዳይል ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ኮሶዬ ሊደርሱ ሲሉ ጌጁን ተወና ሰውዬውን ያይ ጀመር።

የሚካኤል ጉልላት ከባሕር ዛፉ በላይ ብቅ አለ። አያ የሻው ፍጥነት ቀነሱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አማተቡ። ቁመተ ረጅም ናቸውና መሪው ላይ እጥፍ ብለው ሲሳለሙ ጉልበታቸው ሽቅብ ተነሥቶ የዳሽቦርዱን ሥር ገጭ አደረገው። ማኪናዋ ድርግም።

"ይቁሙ! ይቁሙ!"

ናስር በጀርባው ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ማሳ የሚሏት፣ መብራቱንም ሞተሩንም ከማኪናዋ ብረት ጋር የምታገናኘው ሽቦ ብሎኗ ላልቶ ትወዛወዛለች። ያላጠበቃት ራሱ ነው። ከኀፍረት ፊቱ ጋለ።

"አያ የሻው፣ ሚካኤል የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብሎኗን ሳላጠብቅ ገጥሜያታለሁ። በተሳለሙ ቁጥር ጉልበትዎ ይነካታል።"

ናስር ብሎኗን ካጠበቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው በዚያው ደጅ እንደገና ሲያልፉ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ ተክለው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። ፈርተዋል።

"ምነው አያ የሻው፣ ይሳለሙ እንጂ!" አለ ናስር። "ካልተሳለሙ መዳኗን በምን አውቃለሁ?"

ቀስ ብለው አማተቡ። እጥፍ አሉ። ጉልበታቸው ገጭ አደረገው። መብራቱ እንደበራ ነው፤ ሞተሩም ይሠራል።

ጥቂት ሄደው ዳር ያዙና አቆሙ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። "ለካ ሚካኤል አልተቀየመኝም" አሉ።

የኮሶዬው ገዥ ደወለ፤ ስልኩን አላነሡም። መሪውን ወደ ጎንደር አዞሩ።

"ወዴት ነው?" አለ ናስር።

"አራዳ። ከእህትህ ከፈህሚያ ሱቅ ለሚካኤል ጥላ የሚሆን ሸጋ ከፋይ ጨርቅ አይጠፋም፤ ቀለሙን አንተ ትመርጥልኛለህ።"