ዘጠኝ ጊዜ የተፈለገው ገጽ

«‹ያለፉ› የሚለውን ክፈቺና 2017 ብለሽ ፈልጊ» አለች ሀይፋ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ በዋናው ክሊኒክ የታካሚ ካርድ ላይ ማህተም እየመታች። «በእኛ አይደለም፤ በፈረንጅ 2017። ከሰባት ዓመት በፊት ያለውን።»

ወግዲ ቅርንጫፍ ያለችው መዝገብ ያዥ በዛች «ቆይ» አለች። ከዚያ የማውሱ ድምፅ ተሰማ።

«ውይ! ውይ እመብርሃን! ሁሉም እዚህ አሉ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው። አንድም አልጎደለ።»

«ብርሀንነሽስ?»

«አለች።» የበዛች ድምፅ ወረደ። «ቀጠሮዋ ኅዳር ስምንት ነበር።»

የሆነው ይህ ነው። ክሊኒኩ የታካሚ ቀጠሮ የሚከታተልበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተጋግዘው የሚሠሩት ነው። መስከረም ላይ ለወግዲ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ ፕሮግራሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ላይ ነበር። በዛች ደግሞ እንደማንኛችንም ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስገባች። ለፕሮግራሙ 2017 ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ሁሉ ካለፉት ጋር ደባልቆ ጠዋት ጠዋት ባዶ ገጽ ያሳያት ጀመር። የምታስታውሳቸውን በደብተር እየጻፈች ደወለችላቸው። ብርሀንነሽን አላስታወሰችም። ደም ግፊት ያለባት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዘግይታ ሆስፒታል ገባች፤ እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም።

ሀይፋ ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ሐዘኑ ግን አልመጣም። ከሳምንት በፊት ወሬውን ስትሰማም አልመጣም። ሰውነቷ የሌላ ሰው ይመስል ደንዝዛለች። የሚቀጥለውን ካርድ ሳበችና ማህተም መታችበት።

ስልኩን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ አሕመድኑር ተቀበሉ። ቀጠሮ አልመዘገበችም ብለው በዛችን ሊያሰናብቱ ነበር ጠዋት ወግዲ የወረዱት።

«እና ሠርታለች ነው የምትይኝ?»

«ሠርታለች።»

«አቆጣጠሩ እንዴት እንደሚስተካከል የሚያሳይ መመሪያ አለ?»

«አለ። በአማርኛ። የፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ወር ሆኖታል።»

«በቃ፤ አልቋል» አሉ። «መመሪያ ተቀምጦላት ካላነበበች ሌላ ስም የለውም፣ ስንፍና ነው። ደብዳቤዋን ዛሬ እጽፋለሁ።»

ከጀርባ የበዛች ትንፋሽ ይሰማል። ሀይፋ መናገር ያለባት ነገር እንዳለ ታወቃት፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

«እሺ» አለች።

መመሪያው ስልሳ ሦስት ገጽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው ቢኖር ጸሐፊዋ ብቻ ናት። የጻፈችው አባቷ ሸህ ሷሊህ የሃይማኖት ተማሪዎቻቸውን፣ ደረሶቹን፣ ኪታብ እያስቀሩ በሚያስተምሩበት ሥርዓት ነው። እሳቸው ዘንድ የመጀመሪያውን ባብ፣ ምዕራፉን፣ ሳይጨርስ አራተኛውን የሚገልጥ ደረሳ የለም። ሀይፋም ይህንኑ ይዛ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ደረደረች፤ ለየምዕራፉም ክብር ያለው ርዕስ ሰጠች። የአቆጣጠሩ ጉዳይ «ምዕራፍ አራት፤ ሥርዓተ ዘመንን ስለማዋቀር» ይላል። አንዱ በጎ ፈቃደኛ «ሰው ወደዚህ የሚመጣው ሲቸግረው ነው፤ ርዕሱን በችግሩ ስም ብታደርጊው» ብሎ ጽፎላት ነበር። ተቀየመችው፤ መልስም አልሰጠችው።

ምሳ ሰዓት አባቷ ቤት ሄደች። ደረሶቹ ገና መበተናቸው ነበር። ሸህ ሷሊህ መነጽራቸውን እያወለቁ ፊቷን አዩት።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም አባ።» ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሕፃኑንም ደብዳቤውንም፣ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ይመስል። «እኔኮ እንደ እርስዎ ኪታብ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ከመጀመሪያው ብትጀምር ታገኘው ነበር።»

«አላህ ይዘንላት ለእናትየዋ» አሉ ሸህ ሷሊህ። መነጽራቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ። «የኔ ደረሳ ሲጠፋበት ማንን ይጠይቃል?»

«እርስዎን።»

«ፊቱ ተቀምጫለሁዋ! ባቡን ባያውቀው ‹እዚህ ጋ ጨለመብኝ› ይለኛል፤ እኔ እገልጥለታለሁ። ያቺ ልጅ ፊት ማን ነበር የተቀመጠው?»

ምሳው ቀረበ፤ ሀይፋ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተነሣች።

ቢሮ ተመልሳ የኢሜይል ሳጥኗን ከፈተች። ድረ ገጹ በየሰኞው አንድ ዝርዝር ይልክላታል፤ ሰዎች መፈለጊያው ላይ ጽፈው ምንም ያልተገኘላቸውን ቃላት፣ ከቀኑና ከክሊኒኩ ስም ጋር። አሥራ አራት ዝርዝር ሳይከፈት ተደርድሯል። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ከወግዲ የመጣው ዘጠኝ ነበር።

መዝገቡ ጠፋ።
ሰው የለም ይላል።
ያስገባሁት የት ሄደ።
ቀጠሮ አይታይም።
ቀጠሮ ባዶ።
ዛሬ የሚጠራ የለም ለምን።
የጠፋ እንዴት ይመለሳል።
እርዳታ።

የመጨረሻው የተጻፈው ኅዳር ሰባት ቀን ነው፤ ከብርሀንነሽ ቀጠሮ አንድ ቀን ቀደም ብሎ። አንድ ቃል ብቻ ነበር።

እባካችሁ።

ሀይፋ ከነዚህ ቃላት ውስጥ አንዱን እንኳ ምዕራፍ አራት ርዕስ ላይ አላገኘችም። ገጹ ውስጥም ፈለገች፤ የለም። አሁን ነው መስከረም ላይ በዛች ደውላላት እንደነበር ትዝ ያላት። «ሀይፉ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ስትላት ሰው ይዟት ነበርና ምን እንደሆነ እንኳ ሳትሰማ «መመሪያው ላይ አለልሽ፣ ፈልጊው» ብላ ዘጋችባት። በዛች ፈልጊው የተባለችውን ፈለገች። ዘጠኝ ጊዜ።

ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ከበዳት። ዕንባ አልነበረም። ዕንባ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ገጹን ለማስተካከል ከፈተች። «ሥርዓተ ዘመንን ስለማዋቀር» የሚለውን ደመሰሰችና «ያስገባኋቸው ሰዎች ጠፉ፤ ቀጠሮው ባዶ ነው ይላል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ገጹ የሚገኝባቸውን ቃላት መሙያ ቦታ አለ፤ ለሰባት ወር ባዶውን የኖረ። የበዛችን ዘጠኝ ፍለጋዎች እንዳሉ፣ ምንም ሳታርም ገለበጠችበት። የመጨረሻው ጋ ስትደርስ አመነታች። ከዚያ እሱንም አስገባችው።

መፈለጊያው ላይ ሄዳ «እባካችሁ» ብላ ጻፈች። ገጹ ከላይ፣ አንደኛ ሆኖ መጣ። ሰዓቱን አየች። ሥራው ሁሉ የፈጀው አራት ደቂቃ ነው።

ስልኩን አንሥታ አቶ አሕመድኑር ጋ ደወለች።

«ደብዳቤውን ጻፉት?»

«እየጨረስኩት ነው። ምነው?»

«ጠዋት መመሪያው አለ ብዬዎት ነበር። ለእኔ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ፈልጋዋለች፤ ማስረጃው እጄ ላይ ነው፣ አሁን እልክልዎታለሁ።»

«እና ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልጊው ሀይፋ? ሕፃን ሞቷል። የክሊኒኩ ባለቤቶች ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው ስጡን እያሉኝ ነው።»

«የበዛችን ስም ያውጡት» አለች። «በምትኩ ሀይፋ ሷሊህ ብለው ይጻፉበት።»