በክር የታሰረ ዘይቱን

ምስራ የዘይቱን ችግኙን በግራ እጇ፣ ጽጌረዳውን በቀኝ እጇ ይዛ ከጋሪው አጠገብ ከቆመች ሩብ ሰዓት አልፏታል። ችግኝ ሻጩ ጥጋቡ መጀመሪያ ሁለቱንም አሞገሰ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ገዢ ፍለጋ መንገዱን ማየት ጀምሯል። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው የወደደውን ዕቃ ወደድኩት አይልም። ምስራም ዓይኗን ጽጌረዳው ላይ ተክላ፣ ልቧ ግን ዘይቱኑ ላይ ነበር።

ጽጌረዳው ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሦስት ቀያይ አበቦች አውጥቷል፤ ሽታው ከወደ በርበሬ በረንዳ የሚመጣውን የሚያስነጥስ አየር ጥሶ አፍንጫ ይደርሳል። ዓይናቸው ለደከመው ለእናቷ ለእማማ ሐዋ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም። ቁመቱም ከጉልበት ስለማያልፍ ፀሐይ አይከለክልም። ዘይቱኑ ግን ቅጠሉ አቧራ የጠጣ፣ ዓይን የማይሞላ ቀጭን እንጨት ነው። ብቻ ከላይኛው ቅርንጫፉ ሁለት ቢጫ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል፤ ምስራ የፈለገችው እነሱን ነበር።

ምስራና እናቷ ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር በአንድ የቀበሌ ግቢ ይኖራሉ። ከበራቸው ፊት ለፊት ሦስት እርምጃ የማትሞላ ባዶ መሬት አለች። ክፍላቸው መስኮት ስለሌለው እማማ ሐዋ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁት እዚያች ላይ ብቻ ነው። ባለፈው እሁድ ጎረቤታቸው የበርበሬ ነጋዴው ማሙሸት ግቢውን ሰብስቦ፣ ቦታዋን በሲሚንቶ አስለስኖና ቆርቆሮ አልብሶ ጆንያ ሊያስቀምጥባት እንደሚፈልግ ተናገረ። በምላሹ የፈረሰውን የጋራ መጸዳጃ ቤት በራሱ ወጪ ሊያሠራ ቃል ገባ። ሰው ሁሉ ተስማማ፤ መጸዳጃ ቤት ማን ይጠላል? ምስራ ብቻ እናቷ አስም እንዳለባቸው፣ በርበሬ በራቸው ላይ ከተከመረ እንደማይችሉት ተናገረች። ማሙሸት ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

«ባዶ መሬት ሆኖ ነው እንጂ ያፈራ ዛፍ ቢኖርበትማ ማን ይነካው ነበር» አለ። «የሚበላ ነገር መቁረጥ ነውር ነው። ለእትዬ ሐዋ አበባ በጣሳ ተክዬ በራቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ።»

ይህን ያለው ሊያጽናናት ነው። ምስራ ግን እንደ ውል ያዘችው። ግንበኞቹ የሚመጡት ዛሬ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

«ያፈራ ነው እኮ እትዬ» አለ ጥጋቡ መጠበቅ ሲሰለቸው። «ነገ ዛሬ ሳይሉ ይበሉታል።»

ጽጌረዳውን ጋሪው ላይ መለሰችና ጣቶቿን በዘይቱኑ ቅርንጫፍ ላይ ሰደደች። ምስራ ሸማ ተራ ተቀምጣ የነጠላና የጋቢ ጫፍ መቋጨት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ከዓይኗ በፊት ጣቷ ያያል። የፍሬዋ አንገት ላይ ሲደርሱ ጣቶቿ ቆሙ። ከፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ የናይለን ክር ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ሁለተኛዋ ፍሬም እንደዚያው ነበረች።

ቀና ብላ አየችው። ጥጋቡ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ፍሬ ያላየ ሰው ችግኝ እንደማይገዛ፣ ይህን የሚያደርገውም እሱ ብቻ እንዳልሆነ እየተንተባተበ አስረዳት።

«እውነቱን ንገረኝ። መቼ ነው የሚያፈራው?»

«ውሃ ካልጎደለበት በሦስት ዓመት።»

«ጽጌረዳውስ?»

«ጽጌረዳውማ የራሱ አበባ ነው፣ ማርያምን።»

እንግዲህ ሐቀኛው ጽጌረዳው ነበር። ምስራ ይህን እያወቀች ወደ እሱ አልተመለሰችም። የጽጌረዳ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ጣሳ ውስጥም ስለሚኖር መሬቷን ከሲሚንቶ አያስጥልም። ማሙሸት ደግሞ ጣሳውን ከእሁድ ጀምሮ አዘጋጅቷል። ዘይቱኑን በግማሽ ዋጋ ተስማማችና ጥጋቡ ክሮቹን ሊፈታ እጁን ሲሰድ አስቆመችው።

«ፍሬዎቹን ተዋቸው» አለች። ሲያፍር የነበረው ጥጋቡ ይህን ጊዜ እሷን ቀና ብሎ አያት።

ሰው በተጨናነቀበት መንገድ ስትሄድ አንድ ተሸካሚ በጫነው ካርቶን ገጭቷት አለፈ፤ አንዷ ፍሬ መሬት ወደቀች። ምስራ ግንብ ስር ቁጢጥ ብላ ከቦርሳዋ የጥለት ክር አወጣች፤ አረንጓዴውን መርጣ ፍሬዋን መልሳ አሰረች። እጇ ሥራውን በለመደው መንገድ ሠራው፤ ወደ ግራ አከረረ፣ ሁለቴ አዞረ፣ የክሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ደበቀ። ከጥጋቡ ቋጠሮ በእጅጉ ያምር ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ መኩራት አይገባም፤ እሷ ግን ትንሽ ኮራች።

ግቢ ስትደርስ ማሙሸት ሜትር ዘርግቶ ቦታዋን ይለካል። አሸዋው ከአጥሩ ስር ተደፍቷል። ዘይቱኑን አየ፤ ከዚያ ፍሬዎቹን አየና ሜትሩን ለቀቀው።

«ያፈራ ነው?»

«እንደሚያዩት ነው፣ ጋሼ።»

ማሙሸት ብዙ አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ ግንበኞቹን እንዳይመጡ ነገራቸው። ለጆንያዎቹ ሌላ ቦታ እንደሚፈልግ፣ መጸዳጃ ቤቱን ግን ቃል የገባው ነገር ስለሆነ እንደሚያሠራው ለምስራ ነግሯት ምሳውን ሊበላ ገባ። ቢቆጣት ኖሮ ለምስራ ይቀላት ነበር።

እማማ ሐዋ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «እስቲ አምጪው» አሉ። ችግኙን ፊታቸው አቆመችው። አሮጊቷ ቅጠሉን ዳበሱ፣ አሸተቱ፣ ጣቶቻቸው ወደ ላይ ሄዱ። ቆሙ። ወደ ሁለተኛዋ ፍሬ አለፉ፤ እዚያም ቆሙ።

«ያኛው የማላውቀው ሰው ቋጠሮ ነው» አሉ። «ይሄኛው ግን ያንቺ ነው። ጫፉን ወደ ውስጥ የምትደብቂው አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

ምስራ ፊቷ ጋለ። የአርባ አራት ዓመት ሴት መሆኗን ረስታ እንደ ልጅ ተሸማቀቀች።

«እማ፣ ላንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ፀሐይዋን እወዳታለሁ። ግን ያ ሰው ጠዋት ጠዋት በፊቴ ሲያልፍ ‹እትዬ ሐዋ፣ እንዴት አደሩ› ይለኛል። እዚሁ ተቀምጬ ምን ብዬ ልመልስለት?»

ምስራ ቆማ አሰበች። ፍሬዎቹ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋሉ። ወፍ በላቸው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰበብ መፈለግ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ብትናገር ግን ሲሚንቶው መምጣቱ፣ በርበሬውም የእናቷ በር ላይ መከመሩ ነው። ፈራች። ቢሆንም ከጓዳ ዶማ አወጣች፤ በአንድ እጇ ዶማውን፣ በሌላው ዘይቱኑን ይዛ የማሙሸትን በር አንኳኳች።

ማሙሸት እጁን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። ምስራ ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ክሮቹን አንድ በአንድ በጥርሷ በጠሰችና ሁለቱን ፍሬዎች መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ታስረው ነው የተሸጡልኝ። አውቄ ነው የገዛሁት። አንዷን ያሰርኳት ራሴ ነኝ። ዛፉ የሚያፈራው በሦስት ዓመቱ ነው።»

ማሙሸት ፍሬዎቹን አየ፣ እሷን አየ። ጆሮው ቀላ።

«ግንበኞቹን እኮ መለስኳቸው።»

«ሰኞ መልሰው መጥራት ይችላሉ።»

«ታዲያ ዶማው ምን ይሠራል?»

«እኔ ዛሬ ልተክል ነው። የሚነቅለው ሰው ካለ ሰኞ እያየሁት ይነቅለዋል።»

ማሙሸት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእናቷ የተናገረውን አበባ እንዳልረሳው፣ ከፈለገች አሁኑኑ ጽጌረዳ በጣሳ እንደሚያመጣላቸው ነገራት።

«ጣሳ ይነሳል፣ ጋሼ» አለችው ምስራ።

ዶማዋንና ዘይቱኑን ይዛ ወደ ባዶዋ መሬት ተመለሰች። እማማ ሐዋ ማንም ሳያግዛቸው በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። በስንት እግር የተረገጠው መሬት እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ከላይኛው አፈር ስር የላስቲክ ቁራጭ፣ የዛገ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ ወጣ። ሁሉንም እየለቀመች ወደ ጎን ጣለች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጉድጓዱ ጉልበቷ ድረስ ሲሆን የችግኙን ላስቲክ ቀዳ ሥሩን አወረደችው።

ዘይቱኑ ዘመመ። በአንድ እጅ ይዞ በሌላው አፈር መመለስ ይቻላል፤ ምስራ ይህን ታውቃለች። ቀና ስትል ማሙሸት ፍሬዎቹን በመዳፉ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ አንዴ ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ» አለችው።

ማሙሸት አሸዋውን አየ። ፍሬዎቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና መጥቶ በርከክ አለ፤ ቀጭኑን እንጨት በሁለት እጁ ያዘ።

«ጠበቅ አድርገህ ያዘው፣ ልጄ» አሉ እማማ ሐዋ።

ምስራ አፈሩን እፍኝ በእፍኝ መመለስ ጀመረች። ዶማው አጠገቧ ነበር፤ አላነሳችውም።