የዓርብ ሆት ዶግ

ልጄ ሳሮን የምድጃዬን ማዞሪያዎች ነቅላ ወሰደች። አራቱንም። ምድጃው እንደ ድሮው ማዕድ ቤቴ ውስጥ ቆሟል፤ እሳት ግን የለውም። ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ዝም ብሎ ያየኛል። በምትኩ ኤር ፍራየር የሚባል ጥቁር ነገር ገዝታ ጠረጴዛው ላይ ጎለተችልኝ። «ሴፍ ነው አባዬ፣ ሲጨርስ ራሱ ይጠፋል» አለችኝ። እኔ ተክለሃይማኖት፣ ከሱዳን ተነሥቼ ላስ ቬጋስ ከገባሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ካዚኖ ማዕድ ቤት ውስጥ ከእሳት ፊት የቆምኩ ሰው፣ በስተርጅናዬ ራሱ የሚጠፋ ማሽን ተሰጠኝ። ደሜ ፈላ። አሁንም እንደፈላ ነው።

ምክንያቷን ልንገራችሁ። በጥር ወር አንድ ድስት ምስር ወጥ አሳረርኩ። አሳርሬያለሁ፣ አልክድም። ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ፣ የጭስ አላርሙ ጮኸ፣ ጎረቤቴ አወል በሩን ሊሰብረው ደረሰ። ሳሮን ራሷ አላርሙን ሰምታዋለች፤ በስልክ እያወራን ነበርና። ስልኬ ባትሪው ሞቷል፣ ከግድግዳው ከነቀሉት ወዲያው ድርግም ይላል፤ ስለዚህ ሳሎን ሶኬቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሆኜ ነው የማወራው። በማግስቱ ከምትኖርበት ሰፈር፣ ከሰዘርን ሃይላንድስ ነድታ መጥታ ድስቱን አየች፣ የጠቆረውን ግድግዳ አየች፣ እኔን አየችኝ። ሄንደርሰን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ከዚያ የለቃቀመችውን ሁሉ እኔ ላይ ትሞክራለች። «መርሳት ጀምረሃል አባዬ» አለችና ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የምትጠብቀው ሌላ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ልድገም እንጂ፣ ቤቴን አስለቅቃ ልትወስደኝ ነው። ደብቃኝም አታውቅም። «ዋን ሞር ታይም አባዬ፣ ከዚያ እኛ ጋ ነው የምትኖረው» ብላ ፊት ለፊት ነግራኛለች። እሷ ቤት መኖር ምን አለበት ትሉኝ ይሆናል። ቤቱ ያማረ ነው፤ ሣሩ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ግን ከዚያ ሰፈር ያለ መኪና ዳቦ እንኳ ገዝቶ መመለስ አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መንዳት ትቻለሁ። እዚህ ቤተ ክርስቲያኔ በእግሬ የምደርስበት ነው። አወል ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በሬን ራሴ እቆልፋለሁ፣ ራሴ እከፍታለሁ። እዚያ ብሄድ የእንግዳ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሻንጣ ነው የምሆነው።

ሁዳዴን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። ኤር ፍራየር ሽንኩርት አያቁላላም፣ ሽሮ አያንተከትክም። ምስር ቢጨምሩበት ጠጠር አድርጎ ይመልሳል። ድንች፣ ካሮት፣ አበባ ጎመን፣ ከዚያ ተመልሶ ድንች። በነፋስ እኮ ነው የሚያበስለው! እኔም በነፋስ የበሰለ እየበላሁ ጾሜን ጾምኩ። ለፋሲካ ሳሮን ቤት ሄጄ ዶሮ በላሁና ወደ ቤቴ፣ ወደዚያው ማሽን ተመለስኩ።

ሆት ዶጉን የጀመርኩት ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ማሽን ለሌላ ለምንም አይረባም፣ ለሆት ዶግ ግን ተፈጥሯል። ይህም ራሱ ያናድደኛል፤ ከነአካቴው ልጠላው ነበር የፈለግኩት። መጀመሪያ መነጽሬን አድርጌ ፓኬቱን አነባለሁ፤ የበሬ ብቻ መሆን አለበት፣ የአሳማ ነገር ቤቴ አይገባም። ከዚያ ቋሊማውን በቢላ ጫፍ አግድም ተልተል ተልተል አደርገዋለሁ፤ አለዚያ ሆዱ ይፈነዳል። እንዳይነካካ አራርቄ እደረድረዋለሁ። ቆዳው ጠቆር ብሎ የተተለተለው ቦታ ሲከፈት ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔ ዳቦውን ለጥቂት አብሬ እከተዋለሁ። ላዩ ላይ አዋዜ እንጂ ያንን ጣፋጭ ቀይ ሶስ አላደርግም። አወልም ወዶታል፤ የራሱን ሐላል ፓኬትና የራሱን ፎይል ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የእሱን እንጠብሳለን፣ ቀጥሎ የእኔን፤ አብረን ተቀምጠን ለየብቻችን እንበላለን። አወል በዲቪ የመጣ የመርካቶ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፤ ከልጄ ይልቅ ደጄን የሚረግጠው እሱ ነው።

አንድ ቀን፣ ዓርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። አወል እስኪመጣ አልጠበቅኩትም፣ ርቦኛል። ሆት ዶጎቼን አውጥቼ አዋዜውን እየቀባሁ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሳሮን ቁልፍ አላት። ባሏ ሚካኤል ከኋላዋ ቆሟል። ሰላምታም አልሰጠችኝ። ሳህኑን አየች፣ ስልኳን አየች፣ እንደገና ሳህኑን አየች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ሆት ዶግ።»

«ቪገን ነው?»

«የበሬ ነው። ተቀመጪ፣ ለአንቺም ይበቃል።»

«አባዬ፣ ዛሬ ፍራይደይ ነው።»

«ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ፋስቲንግ ነው እኮ! አንተ ፍራይደይ ሥጋ አትበላም። መቼም! አንድ ቀን አይቼህ አላውቅም!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ ሚካኤል ዞራ በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ አወራችው፤ በገዛ ቤቴ፣ እኔ እንዳልሰማ። ሰማኋት። የኖረበትን ልማድ ሲተው የመርሳት ምልክት ነው አለች፣ ሆስፒታሏ ያለ ሐኪምም ያለው ይህንኑ ነው አለች፣ ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን አያድርም አለች።

ሳቄ ሊመጣ ነበር፣ ንዴቱ ቀደመው። በዓለ ሃምሳ ነው! ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የለ፣ ስግደት የለ። ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ይዣት ስሄድ ስልኳ ላይ ካላፈጠጠች በቀር ይህን እንዴት ሳትሰማ ትቀራለች?

«በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም» አልኳት፣ ድምፄን እንደምንም ዝቅ አድርጌ።

«እሺ አባዬ።»

ያቺን እሺ አውቃታለሁ። ለሕፃንና ለሰካራም የምትባል እሺ ነች።

«የፈቀደው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም!»

«እሺ አባዬ፣ ተረጋጋ። ጫማህ የት ነው?»

ጫማዬን! ሚካኤል ደግሞ ምንም ሳይባል ወጥቶ ከመኪናው ካርቶን ይዞ ገባ። ካርቶኑ መኪናው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ተዘጋጅተው ነው የመጡት። መኝታ ቤቴ ገብቶ ሸሚዞቼን ከነመስቀያቸው ያወጣ ጀመር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንደ ሳሮን እዚሁ ያደገ ነው። እናቱ አንቱታን ብቻ አስተምራው ሌላውን ሁሉ ትታዋለች።

«አባባ፣ እርስዎ አይናደዱ» አለኝ ሸሚዜን ክንዱ ላይ እንደያዘ። «ስቶቩን እኮ ረስተውት ነበር። ድስቱን ያስታውሱታል?»

ድስቱን አስታውሰዋለሁ? ሳሮንን አየኋት። ወለሉን ነው የምታየው። አፌ ድረስ የመጣ ነገር ነበር፣ ዋጥኩት፤ ሚካኤል ፊት የሚነገር አይደለም። እንደ ትኩስ ድንች ጉሮሮዬን እየላጠ ወረደ። አእምሮህ ቦታው ላይ እያለ እንደ ጃጀ ሲቆጥሩህ፣ ማስረጃህን ይዘህ አፍህን መዝጋት ምን ያህል እንደሚያበግን የደረሰበት ያውቀዋል።  

ተነሥቼ ግድግዳውን በጡጫ ደበደብኩት።

«አወል! አወል! ና እስቲ!»

አወል ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ሮጦ መጣ። ጭስ መስሎት ይሆናል።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኩት።

«ዓርብ ነዋ ጋሼ። ከጁምዓ ሰላት መመለሴ ነው።»

«የእኛ ጾም ነው?»

አወል እኔን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ሚካኤል ክንድ ላይ ያለውን ሸሚዝ አየ። ነገሩ ገባው።

«ኧረ የምን ጾም! ሃምሳው መች አለቀና ጋሼ? እኛ ሰፈር የክርስቲያን ሉካንዳ ቤቶች ረቡዕና ዓርብ ይዘጉ የለ? ከፋሲካ በኋላ ግን ዓርብም ክፍት ናቸው፤ ልጆች ሆነን በዚያ ነበር የምናውቀው። እስከ ጰራቅሊጦስ ይበላሉ እኮ።» ወደ ሳሮን ዞረ። «እህቴ፣ አታውቂም ነበር እንዴ?»

ሳሮን ስልኳን አውጥታ ፈለገች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች፣ እንደገና አነበበች። ፊቷ ቀላ። ስልኩን ለሚካኤል ዘረጋችለት፤ እሱም አነበበና ሸሚዜን ወስዶ ቦታው ሰቀለው። «ሶሪ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ባዶውን ካርቶን አቅፎ ወደ መኪናው ወጣ። አወልም «ሺፍት አለኝ» ብሎ ተከተለው። ሺፍት እንደሌለው አውቃለሁ።

እኔና እሷ ቀረን።

«ሶሪ አባዬ። አላወቅኩም።»

«አንቺ ሳታውቂ ስትቀሪ የምጃጀው እኔ ነኝ? ሃይማኖትሽን አወል ይንገርሽ?»

«ሶሪ አልኩህ እኮ!»

«ማዞሪያዎቼን አምጪ።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ከጥር ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ ከሊፕስቲኩ፣ ከመኪና ቁልፉ፣ ከማስቲካው ጋር። አውጥታ ሆት ዶጉ አጠገብ ደረደረቻቸው። እጇን ግን ከላያቸው አላነሣችም።

«ፋስቲንጉን ተሳሳትኩ፣ ኦኬ» አለች። ድምፅዋ ተሰባበረ። «ድስቱ ግን ተቃጥሏል አባዬ። እሱን አልተሳሳትኩም። አላርሙን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ተቃጥለህ ብሞትብኝስ… ብትሞትብኝስ? እኔ ማን አለኝ?»

ይህን ስትል ይብስ ተናደድኩ። እንዲህ የምትፈራ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን ነገሩን አትጠይቅም? በሩ መዘጋቱን አየሁ። ሚካኤል መኪናው ውስጥ ነው።

«ያን ቀን ማን ነበር ስልክ ላይ?»

«እኔ ነኝ።»

«የት ሆነሽ?»

 «ፓርኪንግ ሎት» አለች። «ሥራ ቦታ። መኪናዬ ውስጥ።»

«ምን እያደረግሽ?»

እሷም ዞራ በሩን አየች። ሚካኤል ቤቱን ጥሎ የወጣበት ሰሞን ነበር። ለጓደኞቿም አልነገረች፣ ለማንም አልነገረች፤ ለእኔም ቢሆን የነገረችኝ ከቃሉ ለቅሶው ይበዛ ነበር። ያንኑ ማታ ተመለሰ፣ ታረቁ፣ ነገሩ እንዳልነበረ ሆነ። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እሷ ማዞሪያዎቹን ስትነቅል ሚካኤል ድስቱን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ብቻዋን መጥታ አታውቅም።

«ድስቱን አልረሳሁትም» አልኳት። «እኔ ሶኬቱ ጋ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ምድጃው እዚያ ነው። ወጡ ሲይዝ አውቄያለሁ። ድስቱም ሲያር አውቄያለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ሸትቶህ ነበር?»

«ሸትቶኛል።»

«ጭሱንም አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተነሥተህ አላጠፋኸውም?»

«ስልኩ ይጠፋላ!» ብዬ ጮህኩባት። «'አባዬ፣ አትዝጋብኝ' እያልሽ ነበራ!»

እጇን ከማዞሪያዎቹ ላይ አነሣች።