የይሄይስ ደም ባለቤት

አገሬው ዋርካው ሥር ተጎልቶ ገዳይ ሲያፈላልግ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ማፈላለግ ሲሉት ነው እንጂ ምን ይፈላለጋል! ገዳዩ እጅጉ እዚያው መሀላቸው ጋቢውን ተከናንቦ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ ተቀምጧል። ይህን የማያውቅ ቢኖር ከወረዳ የመጣው ፖሊስ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ማወቅ ስላልፈለገ ነው።

አብተውን ንዴት አንቆ ይዞታል። ሟቹ ይሄይስ ታላቅ ወንድሙ ነው። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል እጅጉ የኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኖ የወንዙን ዳር ለምለም መሬት ለራሱና ለወዳጆቹ ሲሸነሽን፣ በስብሰባ ፊት ተነሥቶ “ይኼ ዝርፊያ ነው” ያለ ይሄይስ ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ምሽት ከቡሬ ገበያ ሲመለስ ወንዙ አጠገብ በጥይት ተመታ። ጎረቤቱ ክንፈሚካኤል፣ እጅጉ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ከወንዙ ሲወጣ አየው። ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱ ለእህቷ። ከዚያ ወዲያ ያልሰማ ጆሮ የለም።

ይህ ገዳይ የማውጣት ሸንጎ፣ አውጫጭኝ፣ ደንብ አለው። ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ወንድ የተባለ ሁሉ ከዋርካው ሥር አይነሣም፤ አያርስም፣ አያጭድም። ሁሉም በየተራው ይምላል። ከዚያ ዳኛው በስውር “ወፍ” ይመርጣሉ፤ ወፍ ማለት ማንነቱ ሳይገለጥ ለዳኛው ብቻ ስም የሚያቀብል ሰው ነው። ወፏ የጠራችውን የደሙ ባለቤት፣ ማለትም የሟቹ የቅርብ ዘመድ፣ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ፤ ሰውየው ለፖሊስ ይሰጣል።

ክንፈሚካኤል ተራው ሲደርስ መስቀሉን ጨብጦ፣ “አይቼ እንደሆን፣ ሰምቼ እንደሆን ልጆቼን አያሳድግልኝ” አለ። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም! አብተው ምራቁን ጢቅ አደረገ።

“ወንድ ጠፋ! ባገሩ ወንድ ጠፋ!”

ማንም ቀና አላለም። ሁሉም እጅጉ የሸነሸነለትን መሬት ይዟል፤ እጅጉ ከተነካ ድልድሉም ይነካል። ይህን እያወቁ ነው ጢማቸውን እየዳበሱ በማርያም የሚምሉት።

ከዋርካው ማዶ ጤፉ ደርሶ መርገፍ ጀምሯል። የሰዉ ዓይን ከማሳው አይነቀልም። ከሰዓት በኋላ ዳኛው አለቃ ሃይለ ሚካኤል በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

“ወፏ ተናግራለች። ታደለ ነው።”

ታደለ ከፈረስ ቤት ከተማ መጥቶ እዚህ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ አጠገቡ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ከይሄይስ ጋር በወረፋ ተጨቃጭቆ ነበር አሉ። ከወፍጮ ቤት ሰው ጋር ያልተጨቃጨቀ ማን አለ? ግን ሁሉም እፎይ አለ። ሰው ሊበሉ ነው፣ እፎይ ይላሉ!

ይሄይስ የተገደለ ምሽት አብተው ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮውን የሚያዞረው ጠፍር፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ፣ እሱ ወጥሮ ሲይዝለት ታደለ ሲሰፋ፣ ተኩሱን አብረው ነው የሰሙት። “ጅብ እያባረሩ ይሆናል” ብሎትም ነበር ታደለ።

“አብተው!” ታደለ ጮኸ። “ኧረ ንገራቸው እንጂ! አብረን አልነበርንም?”

እጅጉ ወደ አብተው ጠጋ ብሎ ቆሎ ዘገነና መዳፉ ላይ አደረገለት።

“አብተውዬ” አለው በለሆሳስ፣ “የይሄይስ ማሳ በሚስቱ ስም ገና አልጸደቀም። ልጁም ጨቅላ ነው። እኛ ለነሱው ነው የምናስብ። ነገሩን ካጎተትኸው ግን፣ እንደገና ይለካ የሚል አይጠፋም።”

“የደሙ ባለቤት፣ ትቀበላለህ?” አሉ አለቃ።

አልቀበልም የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ታደለን አየ፤ አለቃን አየ፤ ጤፉን አየ። ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

“እቀበላለሁ” አለ።

ፖሊሱ ታደለን የፊጥኝ አስሮ ወሰደው። ሰዉም ማጭዱን ሊያነሣ ወደየቤቱ ተበተነ።

የይሄይስ ሚስት ደስታነሽ ጥቁሯን ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ትጠብቅ ነበር።

“ማን ተባለ?”

“ታደለ።”

“የወፍጮ ቤቱ?” አፍጥጣ አየችው። “ያን ለት ዱቄት ለብሰህ መጥተህ፣ ‘ኸታደለ ጋራ ቺንጋ ስንሰፋ አመሸን’ አላልኸኝም?”

“እትዬ፣ መሬቱ እንዳይነጠቅ ብዬ ነው። ለአንቺ፣ ለልጁ…”

“በእኔ አታሳብብ!” ጮኸች። “ለመሬት ብለው ባሌን ገደሉት። አንተ ደግሞ ለመሬት ብለህ ያን ምስኪን አስበላኸው። ኸነሱ በምን ተሻልህ? በምን?”

ደስታነሽ ገብታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወጣች።

“ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ድረስም ቢሆን እሄዳለሁ። መሬቱን ይውሰዱት፣ አፈር ያርጋቸው! ግን አብረኸው የነበርህ አንተ ነህ፤ ያላንተ ቃል ማን ይሰማኛል?” ልጁን እንደታቀፈች ፊቱ ቆመች። “ኸኔ ጋራ ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ቀርተህ ልጁን ትይዛለህ?”

አብተው በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን መንገድ አየ። መንገዱ በእጅጉ ደጅ ነው የሚያልፈው።

እጁን ዘርግቶ ልጁን ያዘ።