የውሰት ተመልካች

ምስጋኑ መዋሸት የለመደ ሰው አልነበረም። ለዚህም ነው ያቺ አንዲት ውሸት እንደ ገብስ ገለባ ጉሮሮው ላይ የቀረችበት። ለማዳ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ውሃ ጠጥቶባት ይረሳት ነበር።

ላሊበላ ያለው የቀይ ዐፈር የሙያ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነበር፤ ዘመኑ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ብዙም ያልራቀ። ያኔ የወሎ ኮሌጆች መረብ ኳስ የሚጫወቱት በሁለት ምድብ ተከፍለው ነው። በደጋው ምድብ ቀይ ዐፈር፣ የኮን ከተማ ኮሌጅና አንድ ሌላ ነበሩ፤ በመንገድ ዳሩ ምድብ እነወልድያና እነደሴ። ደገኞቹ ለዓመታት እርስ በርስ ተጫውተዋል። አንድ ዓመት ኮኖች ይመጣሉ፣ በሌላው ቀይ ዐፈሮች ይሄዳሉ። እንግዳው ቡድን የሚያድረው ሰው ቤት፣ የሚበላውም ከሰው ገበታ ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከኳስ ይልቅ ወንፈል ነበር፤ ዛሬ የኔን ማሳ ታርምልኛለህ፣ ነገ ያንተን አርምልሃለሁ። የኮኑ አሠልጣኝ ከፋለ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የምስጋኑ ሚስት የባንቺዓለም ወንድም ነው።

በዚህ መሀል ቴሌቪዥን መጣ። የኮሌጆቹን ጨዋታ አሳያለሁ አለ፤ ሁሉንም ግን አይደለም፣ ተመልካች ያለውን ብቻ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት፣ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ፣ መብራት የማይጠፋበት ከተማ ያለው መንገድ ዳር ነዋ! ስለዚህ የሚታየው የመንገድ ዳሩ ምድብ ሆነ፤ ከደጋው አንድ ኮሌጅ ብቻ፣ ሰው የሚበዛለት ተመርጦ ይጨመራል ተባለ። የቀረው የደጋ ምድብስ ምን ይሁን? እሱንማ ማን ጠይቆ።

ሰው የሚበዛለትን የሚያይ ባለሙያ ቅዳሜ እንደሚላክ ሲሰማ፣ የኮሌጁ ዲን ምስጋኑን ጠርቶ በቴሌቪዥን የታየ ኮሌጅ ተማሪ እንደሚጎርፍለት፣ ያልታየ ደግሞ በሩን እንደሚዘጋ ነገረው። ምስጋኑ ፈራ። ሜዳውን ያውቀዋላ! ቅዳሜ ቀን የላሊበላ ነጋዴ ገበያ ነው፣ አስጎብኚው ከፈረንጅ ኋላ ነው፣ ካህኑም ኳስ ሜዳ አይውልም። ስልክ አንስቶ ከፋለን ለመነው። ያ ቅዳሜ ከኮን ጋር የሚጫወቱበት ነውና፣ በሞቴ ሰው ይዘህልኝ ና አለው። ከፋለ ለሁለታችንም የሚበጅ ነገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ምስጋኑ እግዜር ያውቃል አለ። ይህ እንኳ ውሸት አይባልም፤ እግዜርማ ያውቃል። ምስጋኑም ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ኮኖች በጭነት መኪና፣ በጋሸና በኩል ተጭነው መጡ። ጋቢ የደረበ ገበሬ፣ እልል የምትል ሴት፣ በዚያው አሸተን ማርያምን ልሳለም ያለ ሽማግሌ ሜዳውን ሞላው። ከቴሌቪዥን የመጣው ባለ ጥቁር መነጽር ሰውዬ ዙሪያውን አይቶ በደስታ ፈገገ።

«መምህር፣ ይህ ሁሉ የእናንተ ሰው ነው?»

ከፋለ እዚያው አጠገባቸው የመረቡን ገመድ ያጠብቅ ነበር።

«አዎ፣ የኛ ሰው ነው» አለ ምስጋኑ።

የከፋለ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ማጥበቁን ቀጠለ።

ውሳኔው ሳይቆይ መጣ። ቀይ ዐፈር ወደ መንገድ ዳሩ ምድብ ተዛወረ። ደጋው ላይ የቀሩት ሁለት ቡድኖች ምድብ አይሆኑም ተብሎ ምድቡ ፈረሰ፤ የኮን ቡድንም የሚጫወትበት ምድብ አጥቶ ተበተነ፣ ከፋለንም ዕቃ ክፍል መደቡት። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይህ ነው። እሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ምስጋኑን የገደለውም ዝምታው ነው። ቢሰድበው ምናለበት! ባንቺዓለም አንድ ቀን ብቻ፣ እንጀራ እያቀረበች፣ ወንድሜ ምን አጠፋ አለችው። እጁን ታጥቦ ከገበታው ተነሣ። ከኮን የመጣ መኪና ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ለንስሐ አባቱ የረቡዕ ጾም መግደፉን ሳይቀር ሲናዘዝ፣ ይቺን ግን ዘለላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ እያደር ከበደ። ዳግመኛ ከተጠየቅሁ፣ ቡድኑ ቢባረርም ይባረር፣ እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚቀረጽበት ቀን ደረሰ፤ ተጋጣሚው ከደሴ የመጣ ቡድን ነው። ሜዳው ላይ ጥቂት ተማሪዎች ተበታትነው ተቀምጠዋል፣ ሌላው ባዶ ነው። ባለ መነጽሩ ፊቱን አጨማዶ የዚያን ቀኑ ሰው የት ገባ አለ፤ ባዶ ሜዳ አልቀርጽም፣ ምድባችሁም እንደገና ይታያል ብሎ ዛተ። ዲኑ ምስጋኑን በዓይኑ በላው።

ይህን ጊዜ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሁለት የጭነት መኪና ሰው ሜዳው ዳር ተራገፈ። ያው ጋቢ፣ ያው እልልታ። ፊት ፊት ከፋለ፣ ከኋላው የተበተኑት ተጫዋቾቹ ሰማያዊ ማሊያቸውን እንደለበሱ መጥተው፣ ሊያጨበጭቡ ሣሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

ካሜራው ተተከለ። ባለ መነጽሩ ማይክራፎኑን ወደ ምስጋኑ አስጠግቶ፣ ይህ ሁሉ የቀይ ዐፈር ደጋፊ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። የተማለላት ሰዓት ይቺው ናት። ምስጋኑ አፉን ከፈተ፤ ዲኑን አየ፣ ሰማያዊዎቹን ማሊያዎች አየ። አይ ምስጋኑ፣ ምላሱ ተሳሰረ! ከፋለ ጠጋ ብሎ በእርጋታ መለሰለት።

«አዎ፣ የሱ ሰው ነን።»

ቀይ ዐፈር አሸነፈ። ሁሉም ሲተቃቀፍ ምስጋኑ ወደ መኪናው ሮጦ የአማቹን እጅ ያዘ፤ ለምን መጣህ፣ ምነው ባዋረድከኝ አለው። ከፋለ እጁን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

«እህቴ ናት የነገረችኝ፤ ባሌ በሰው ፊት ሊያፍር ነው ብላ። ዛሬ ሳትጠራኝ መጣሁ። ከእንግዲህ ብትጠራኝም አልመጣም።»

መኪናው ወደ ጋሸና አቀና።

በማግስቱ ምሽት ጨዋታው ሲታይ የምስጋኑ ቤት በጎረቤት ተሞላ። ካሜራው ከኳሱ ይልቅ ሰዉ ላይ ነው የቆየው። ሰማያዊ የለበሱት ልጆች ከልባቸው ሲያጨበጭቡ ታዩ፤ ተናጋሪውም የቀይ ዐፈር ደጋፊዎች ብሎ ጠራቸው። አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤት የምስጋኑን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ።

«ታድለህ፤ ምን ያለ ሰው አለህ።»

ባንቺዓለም ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።